መስኩን ገፍፎ ከተማውን ማስዋብ ይቁም

ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው። በዱከም፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በየአዲሱ ግቢ፣ በየአስፋልቱ ዳር፣ በየሆቴሉና በየፋብሪካው አጥር ውስጥ የሳር ተከላ የሚጀመርበት ጊዜ ደርሷል። አሠራሩን ሁሉም ያውቀዋል። መኪና ወይም ጋሪ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ግጦሽ መስክ ይሄዳል፤ ሳሩ በአካፋ እየተላጠ ከነሥሩና ከነአፈሩ በማዳበሪያ ከረጢት ይሞላል፤ ከዚያ በካሬ ሜትር ሒሳብ ይሸጣል። ግቢው በአንድ ቀን አረንጓዴ ይለብሳል። መስኩ ራቁቱን ይቀራል። የዝግጅት ክፍላችን በዚህ ጉዳይ ላይ የደረሰበት ውሳኔ አጭር ነው፦ ይህ አሠራር መቆም አለበት። የከተሞቻችን ሳርና አበባ ከዘር ይብቀል፤ ዘሩም የዚሁ ምድር ዘር ይሁን።

ሳር የሚተክለውን ሰው አንወቅስም። አቧራና ጭቃ የሰለቸው የዱከም ነዋሪ በደጁ ለምለም ነገር ማየት ቢፈልግ፣ ልጆቹ የሚንከባለሉበት ቦታ ቢመኝ ተገቢ ነው። ጥያቄያችን ልምላሜው ከማን ላይ ተነሥቶ ይመጣል የሚል ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ሳር ሲገፈፍ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ተያይዞ ይነሣል እንበል፤ በአንድ ካሬ ሜትር 30 ሊትር አፈር ነው። አንድ ሆቴል 1,000 ካሬ ሜትር ግቢ ሲያለብስ 30 ሜትር ኪዩብ የላይ አፈር፣ ሁለት ሲኖትራክ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ከአንድ መንደር መስክ ወጥቶ ይሄዳል። ያ አፈር ተራ ጭቃ አይደለም። የዘመናት እበትና የሥር ብስባሽ፣ የትል ሥራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየረገፈ የተኛ የአበባና የሳር ዘር ያለበት ነው። ከተላጠ በኋላ የሐምሌ ዝናብ የሚያገኘው ሥር ያልያዘውን ሸክላ ነው፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ቦታው ቦረቦር ይጀምረዋል።

የሱሉልታን ሜዳ የሚያውቅ ሰው የምንለውን ይረዳል። በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ከመስቀል በኋላ ድርቆሽ የሚታጨድበት ሰፊ መስክ ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የወተት ላሞች በጋውን የሚዘልቁት በአመዛኙ ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋና ከሰላሌ በሚጫን ድርቆሽ ነው። ከዚያ መስክ የቤት ቦታ፣ መጋዘንና የድንጋይ ካባ የድርሻቸውን ወስደዋል። የተረፈው ደግሞ ለሌላው ሰፈር ጌጥ እየተላጠ ሊያልቅ አይገባም። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል፤ መስክ ገፍፎ የሚሸጥና የሚገዛ ሰው ይህንን ተረት በሥራ እየፈጸመው ነው። ሰርዶ ተግጦ፣ ተቃጥሎ፣ በድርቅ ነጥቶ እንኳ ይመለሳል። አፈሩ ከሄደ ግን የሚመለስበት ቦታ የለውም።

ሳርን ከዘር ማብቀል አስቸጋሪ ነው የሚል ክርክር በተደጋጋሚ ይቀርባል። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ወፍ ይለቅመዋል፤ ጎርፍ ይወስደዋል፤ ጊዜ ይፈጃል ይባላል። ይህ ክርክር በዱከም መነሣቱ እጅግ ያስደንቀናል። ዱከም የቆመችው በአዳ ምድር፣ በነጭ ጤፍ አገር ላይ ነው፤ ጤፍ ደግሞ ሳር ነው። አንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ያህል ፍሬ አለ። ያንን ትቢያ የሚያህል ዘር ሰው ሁሉ በሚያማርረው ጥቁር አፈር ላይ እኩል አድርጎ መበተንን፣ እኩል ማብቀልን ከአዳ ገበሬ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ገበሬው መሬቱን ደጋግሞ ያርሳል፣ ጓሉን ያለሰልሳል፣ ዓረሙ አስቀድሞ በቅሎ በእርሻ እንዲገለበጥ ጊዜ ይሰጣል። ዘሩ ከጓል ሥር ገብቶ እንዳይቀበር ማሳውን በከብት ያስረግጣል። በሐምሌ ዝናቡ መሬቱን ሲያጠግበው በሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ይበትናል፤ በካሬ ሜትር ከሁለት ግራም ተኩል እስከ አምስት ግራም መሆኑ ነው። ብዙውን ጊዜ ዘሩን አፈር እንኳ አያለብሰውም። ከዱከም አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ ለገበሬው የሰጠ ተቋም ነው። እንዲህ ያለ ዕውቀት በደጇ ያላት ከተማ ሳር በካሬ ሜትር እያስላጠች የምትገዛበት ምክንያት አይታየንም።

የግቢ ሳር የሚፈልገው ያንኑ የጤፍ ማሳ ጥንቃቄ ነው። መሬቱ በበልጉ ዝናብ ይቆፈር፤ ዓረሙ ይብቀልና ይነቀል፤ እንደገና ይብቀልና እንደገና ይነቀል። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሙሉ ክረምቱን ከሙጃ ጋር ሲታገል ያሳልፋል። ከዚያ መሬቱ ተስተካክሎ በእግር ወይም በበርሜል ይጠቅጠቅ፤ ሲረግጡት እግር የማያሰጥም መሆን አለበት። የሰርዶ ዘር ለአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት እስከ አሥር ግራም ይበቃዋል። ከደረቅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ግማሹ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ግማሹ አቋርጦ ይበተናል፤ በመጥረጊያ ቅርንጫፍ ቀስ ተብሎ ይጠረጋል፤ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አፈር አይልበስ። በላዩ የሚነሰነስ ስስ ጭድ ከወፍም ከዝናብ ጠብታም ያድነዋል። ወቅቱ ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ፣ የሐምሌ ዶፍ ሳይደርስ። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበቅላል፤ አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ሲሞላ በተሳለ ማጭድ ወይም በማሽን ጫፉ ይቆረጣል፤ ለመስቀል መሬቱን ይሸፍናል። ሦስት ወር መጠበቅ ነው። ሦስት ወር ብዙ ነው የሚል ሰው የተላጠው መስክ አፈሩን መልሶ ለማግኘት የሚፈጅበትን ዘመን ይቁጠር።

ሰርዶ በየአካባቢው እኩል ዘር አያፈራም፤ አንዳንዱ መስክ ብዙ ፍሬ ይሰጣል፣ አንዳንዱ በሯጭ ግንዱ ብቻ ይስፋፋል። ዘሩ ባልተገኘበት ጊዜ በችግኝ ጣቢያ መደብ ላይ የተባዛ ግንጥል መጠቀምን አንቃወምም። አንድ ካሬ ሜትር የመደብ ሰርዶ ተገነጣጥሎ ሲተከል አሥር ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ መደቡም ከቀረለት ሥር መልሶ ያቆጠቁጣል። ይህ ማባዛት ነው። የምንቃወመው መላጥን ነው።

ጥቁሩ አፈር ግን የራሱ ጠባይ አለው። የዱከም መረሬ በክረምት ያብጣል፣ ውሃ ያቁራል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። የማያውቀው የሣር ዓይነት በሐምሌ ሥሩ በስብሶ፣ በጥር ሥሩ ተበጥሶ ይሞታል። መፍትሔው ከዚሁ ከአካባቢያችን የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ ዛሬ ኢልሪ የምንለው ተቋም አካል የሆነው፣ በደብረ ዘይት ጣቢያው ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በበሬ የሚጎተት ሰፊ መደብ ማውጫ በመረሬ መሬት ላይ ሠርቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መደቡን ከፍ፣ ቦዩን ዝቅ አድርጎ ውሃውን ማሳለፍ። በሀገራችን ደጋ ብቻ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንዲህ ያለ አፈር አለ። ለእርሻ ማሳ የተገኘው መፍትሔ ለግቢ ሣርም ይሠራል፤ ቦታው መሐሉ ትንሽ ጉብ ብሎ ወደ ዳር እንዲያዘቀዝቅና ውሃው መውጫ እንዲያገኝ ማድረግ ብቻ ይጠይቃል።

ከዚህም የሚበልጥ ሀብት አለን። በክረምት ውሃ በተኛበት መስክ ላይ ሦስት ቅጠል ይዞ፣ ሐምራዊ ወይም ነጭ ክብ አበባ አውጥቶ የሚታየው ማገጥ ይህንን አፈር የሚወድ ተክል ነው። ኢትዮጵያ ከ20 በላይ የማገጥ ዝርያዎች አሏት፤ ከእነዚህ ጥቂት የማይባሉት ከዚህ ምድር ውጭ በተፈጥሮ አይገኙም። ሌላው ዓለም በሣር ሜዳው ውስጥ ለመዝራት በገንዘብ የሚገዛው ነጭ ማገጥ የእነዚሁ ዘመድ ነው። ማገጥ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ አፈሩን ይመግባል፣ ለከብት መኖ ይሆናል፣ ለንብ ቀሰም ይሰጣል። የኢልሪ የመኖ ዘር ባንክ አዲስ አበባ ውስጥ 19 ሺህ ገደማ የመኖ ተክል ናሙናዎችን በቅዝቃዜ ይጠብቃል፤ ከሀገራችን መስኮች የተሰበሰቡ የማገጥ ዘሮችም ከነዚሁ መካከል ናቸው። ዘሩ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው በአሸዋ ወረቀት ፋቅ ፋቅ ሳይደረግ ቶሎ አይበቅልም፤ ይህን የሚያውቅ አትክልተኛ ግን ከሰርዶ ጋር ቀላቅሎ ዘርቶ ማዳበሪያ የማይለምን ሜዳ ያገኛል። በዘር ባንክ ውስጥ የተጠበቀ ዘር በዱከም ጎዳና ዳር አለመታየቱ የሚያስቆጭ ነው።

አሁን ወደ አደይ እንምጣ፤ ይህ ርዕሰ አንቀጽ የተጻፈውም በይበልጥ ስለ እርሱ ነው።

አደይ አበባ እያልን የምንጠራቸው በሳይንስ ቢደንስ ከሚባለው ወገን የሆኑ ከአንድ በላይ ዝርያዎች ናቸው፤ በስፋት የሚታወቀው ቢደንስ ማክሮፕቴራ ነው። ዓመታዊ ተክል ነው። በክረምቱ ዝናብ ከዘር ይበቅላል፣ በመስከረምና በጥቅምት ያብባል፣ በኅዳር ዘሩን አርግፎ ይሞታል። ሥሩ ለከርሞ አይቆይም። የሚቀጥለው ዓመት መስከረም ቢጫ መሆኑና አለመሆኑ የሚወሰነው በኅዳር መሬት ላይ በወደቀው ዘር ብቻ ነው። ስለዚህ አደይን የሚያጠፋው በግድ መጥፎ ሐሳብ ያለው ሰው አይደለም። በመስቀል ማግስት ግቢውን ለማጽዳት የሚያጭድ ዘበኛ፣ ድርቆሹን ዘሩ ሳይበስል የሚቆርጥ ባለ መስክ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ እቅፍ ሙሉ አጭዶ አዲስ አበባ የሚያወርድ ወጣት፣ ሁሉም ሳያውቁ የከርሞውን ዘር ይወስዳሉ። አንድ ዓመት ቢሆን የተኛው ዘር ይክሰዋል። ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ግን የተኛውም ያልቃል፤ አፈሩ ከተላጠ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያልቃል።

በእንቁጣጣሽ አበባዬሆሽ እያሉ የሚዞሩ ልጃገረዶች፣ በመስቀል ደመራውን በአደይ የሚያስጌጡ ምዕመናን፣ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ወደ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ እርጥብ ሳርና አበባ ይዘው ለኢሬቻ የሚወርዱ ሕዝቦች አንድ ነገር ይጋራሉ፤ ሁሉም በእግር ተደርሶ የሚለቀም መስክ አጠገባቸው እንዳለ ያምናሉ። ኦሮምኛ ተናጋሪው ኬሎ፣ አማርኛ ተናጋሪው አደይ የሚለው አበባ በሁለቱም ዘንድ የክረምት ማለፊያ ምልክት ነው። ወደ ሆራ አርሰዲ የሚወርደው እጅግ ብዙ ሕዝብ ከአዲስ አበባ አቅጣጫ ሲመጣ ዱከምን አቋርጦ ያልፋል። ያቺ ከተማ በዚያ ሳምንት መንገዷ ዳርና ዳር በኬሎ ቢጫ ሆኖ እንግዳውን መቀበል ትችላለች፤ ወጪውም ከአንድ የፕላስቲክ አበባ መደርደሪያ ያንሳል።

አደይን መዝራት ሣር ከመዝራት ይቀላል። በኅዳር የደረቀው ራስ ተለቅሞ በጥላ ይደርቃል፤ በጨርቅ ከረጢት እርጥበት በሌለበት ቦታ ይቀመጣል፤ በሰኔ ዓረሙ በጠራ መሬት ላይ ይበተናል። ማዳበሪያ አይጨመርበት፤ አፈሩ ሲደልብ ሣሩ አይሎ አበባውን ይውጠዋል። ከማገጥና ከመጭ ጋር ተቀላቅሎ ቢዘራ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ተራ በተራ ያብባል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዘሩ ከረገፈ በኋላ፣ በኅዳር መጨረሻ ታጭዶ ድርቆሹ ከቦታው ይነሣ። ሥራው ይኸው ነው። ድርቆሹ ዘሩ ገና ሳይረግፍ ታጭዶ ወዲያው በሌላ ባዶ መሬት ላይ ቢነጠፍ ደግሞ ዘሩን እዚያ ያራግፍና ሁለተኛ ሜዳ ይወልዳል። በአውሮፓ የጠፉ የአበባ መስኮችን ለመመለስ ዛሬ የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ የአበባ መስኮቿን 97 በመቶ አጥታለች። ሚርያም ሮትሺልድ የተባሉት የነፍሳት ተመራማሪ በርስታቸው የዱር አበባ ዘር እየሰበሰቡ አባዝተው ለመንገድ ዳርና ለግቢ ማቅረብ የጀመሩት አብዛኛው ካለቀ በኋላ ነበር። እኛ ያን ያህል አልራቅንም። የሱሉልታ፣ የእንጦጦና የየረር ተዳፋቶች አሁንም በመስከረም ቢጫ ይለብሳሉ። መግዛት ሳያስፈልገን መልቀም እንችላለን።

አንድ አደጋ ግን በግልጽ መነገር አለበት። «የመስክ አበባ ቅልቅል» ተብሎ በሚያምር ፓኬት የታሸገ ዘር በሻንጣ እየገባ ነው፤ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ለግቢ ጌጥ ይዞት ይመጣል። በጎ ስጦታ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሌላ ክፍለ ዓለም የመጣ፣ ፓኬቱ ላይ ያልተጻፈ ዓረምም ሊኖርበት የሚችል ዘር ነው። የወፍ ቆሎ ለጌጥ ተተክሎ ከአጥር አምልጦ ግጦሽ የበላ ተክል ነው፤ በቢሾፍቱ ዙሪያም ይታያል። እምቦጭ በሌሎች አገሮች ኩሬ ማስዋቢያ ነበር፤ በቆቃና በአዋሽ እ.ኤ.አ. በ1965 ታየ፣ በ2004 ዓ.ም ገደማ ጣና ላይ ተነሣ፤ የጣናን ዳርቻ ገበሬና ዓሣ አስጋሪ ምን ያህል እንዳስጨነቀው አገር ያውቃል። ፓርቴኒየም በሐረርጌና በድሬዳዋ በኩል ታይቶ ማሳዎችን የወረረው ከሌላ ዘር ጋር ተቀላቅሎ ሳይገባ አልቀረም ተብሎ ይታመናል፤ አንዱ ተክል ብቻ ከአሥር ሺህ በላይ ዘር ያረግፋል። የእጽዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4/1985 ዘር ያለ ፈቃድና ያለ ምርመራ እንዳይገባ የሚከለክለው ለዚህ ነው። ደንቡ ለስንዴና ለበቆሎ ብቻ የወጣ አይደለም። በቦሌ የሚያልፍ የአበባ ፓኬትም ይመለከተዋል። የጉምሩክና የኳራንቲን ሠራተኞች ይህን ፓኬት እንደ ከረሜላ ማሳለፋቸውን ሊያቆሙ ይገባል።

ስለ ውሃም አንድ ስሌት እናስቀምጥ። በበጋ ሁልጊዜ አረንጓዴ ሆኖ እንዲታይ የሚፈለግ የተከረከመ ሣር በቀን አራት ሊትር ያህል ውሃ በካሬ ሜትር ይጠጣል። መቶ ካሬ ሜትር ግቢ በቀን 400 ሊትር፣ ሃያ ጀሪካን ማለት ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት፣ እናቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው በሚውሉበት ሰፈር አጠገብ የመጠጥ ውሃ በዚህ መጠን ሣር ላይ መፍሰሱ ትክክል አይደለም፤ በግልጽ እናወግዘዋለን። በዱከም አካባቢ በዓመት ከ800 እስከ 900 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚጥለው ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። የሀገሩ ሣር ይህን ያውቃል። ሰርዶ በታኅሣሥ ይነጣል፣ ይተኛል፣ በመጀመሪያው የበልግ ካፊያ ይነሣል። የነጣ ሣር የሞተ ሣር አይደለም፤ የበጋ መስክ መልክ ይህ ነው፤ ዓይናችንም ከዚህ ጋር ሊታረቅ ይገባል። ሰው ሠራሹ ምንጣፍ ሣር ደግሞ ጨርሶ መልስ አይሆንም፤ በፀሐይ ይግላል፣ ንብ አይጠራም፣ ሲያረጅ ቆሻሻ ነው።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አላለፍናቸውም። ረጅም ሣር እባብ ይደብቃል፣ ቦታውን ጠፍ ያስመስላል ይባላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። መልሱ ዳሩን አንድ ሜትር ያህልና መተላለፊያውን አጥርቶ ማጨድ ነው፤ ዳሩ የተስተካከለ መስክ እንክብካቤ እንዳለው ለማንም ይታያል። ልጆች የሚጫወቱበት፣ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ አጭር ሣር ይሁን፤ ሰው የማይረግጠው የመንገድ አካፋይ፣ የአጥር ግርጌና የፋብሪካ ክፍት ቦታ የአበባ መስክ ይሁን። ገበሬውም ቅሬታ አለው፤ ሰርዶና መጭ ለጤፍ ማሳ ጠላት ናቸው። ትክክል ነው። ስለዚህ ማሳ አጠገብ አይዘሩ፤ በዚያ በኩል ማገጥና አደይ ይብቃ፤ ቦዩም ወደ እርሻ እንዳያወርዳቸው ይታሰብበት። እነዚህ ሁሉ የአሠራር ጉዳዮች ናቸው። ውሳኔያችንን የሚቀይር አንድም አላገኘንባቸውም።

የቀረው ኃላፊው ማን ነው የሚለው ነው። በ2011 ዓ.ም የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ዛፍን የሁሉም ሰው ጉዳይ አድርጎታል፤ ችግኝ ጣቢያው፣ ዘር ሰብሳቢው፣ ቀኑም ተለይቶ ታውቋል። ለሣርና ለመስክ አበባ ይህን የመሰለ ቦታ አልተሰጣቸውም። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባ የተስፋፋው የኮሪደር ልማት በበኩሉ ሣርን ወደ ጎዳና አምጥቷል፤ የሌሎች ከተሞች ከንቲባዎችም ያንን አይተው ወደዚያው እየሄዱ ነው። ፍላጎቱ በአንድ ጊዜ ሲያድግ አቅርቦቱ ወደ መስክ መላጥ እንዳይዞር ማድረግ የመንግሥት ሥራ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም በሸገር ከተማ ሥር ስለተጠቃለሉ አንድ መመሪያ ሦስቱንም ይደርሳቸዋል። የመመሪያው ቃል ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ በማንኛውም የሕዝብ ገንዘብ በሚሠራ የአረንጓዴ ቦታ ጨረታ ላይ ከግጦሽ መስክ የተገፈፈ ሣር አይቀርብም፤ ተጫራቹ የዘሩን ወይም የግንጥሉን ምንጭ በጽሑፍ ያሳያል። ዱከምም ይህንኑ በራሷ ታድርግ።

ዘሩን የሚያባዙ ተቋማት አሉን። የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1976 በእጽዋት ዘረመል ሀብት ማዕከልነት የተመሠረተ ነው። ስድስት ሺህ ያህል ዕፅዋትን የመዘገበው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ተሠርቶ ተጠናቋል፤ ምን እንዳለን ለማወቅ ሌላ ጥናት መጠበቅ አያስፈልገንም። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በ705 ሄክታር ላይ በቡራዩ አቅራቢያ አለ። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል አደይና መጭ ለኅዳር ማር ምን እንደሆኑ ከማንም በላይ ያውቃል። ከእነዚህ አንዱ ኃላፊነቱን በይፋ ይውሰድ፤ በእኛ እምነት ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይውሰደው፤ ሌሎቹ ይደግፉት። ማባዛቱን ግን ገበሬ ያድርገው። ድርቆሽ የሚሸጥ የሱሉልታ ባለ መስክ ከዚያው መስክ ጥግ የማገጥና የአደይ ዘር ቢለቅምና በኪሎ ቢሸጥ መስኩን የሚያስልጥበት ምክንያት ያጣል። ሰበታ ለአውሮፓ ገበያ ጽጌረዳ የሚያለሙ እርሻዎች ያሉባት ከተማ ናት፤ ዘር ማድረቅ፣ ማበጠርና ማሸግ የሚችል እጅ በዚያ አይጠፋም።

መጀመሪያው ቦታ የት ይሁን ብሎ ለሚጠይቀን፣ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በዱከም በኩል የሚያልፍበትን ክፍል እናመለክታለን። ዳርና ዳሩ ከከብት የታጠረ ነው፤ የሚረግጠው ሰው የለም፤ በየቀኑ የሚያየው ግን ብዙ ነው። የዘንድሮው የአደይ ዘር በኅዳር ይደርሳል። እስከዚያ የመንገዱ አስተዳደር፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤትና ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ለቃሚዎችን መድበው፣ የሚለቀምባቸውን መስኮች ከባለቤቶቻቸው ጋር ተስማምተው ይጨርሱ። የተለቀመው ዘር በበጋው ይበጠር፣ ይመዘን፣ ይቀመጥ። መሬቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ሁለት ጊዜ ይታረም። በሰኔ ይዘራ።